የወይዘሮ የሺሃረግ ቀይ ሊሾ

ወይዘሮ የሺሃረግ ወልደ ጊዮርጊስ ትውልዳቸው ከሳጉሬ ወጣ ብሎ ከሚገኝ የገብስ አገር ነው። አያታቸው ከሸዋ መጥተው በዚያ ሰፈሩ። እርሳቸው ገና በልጅነታቸው ለእህል ነጋዴው ለአቶ ገብረወልድ ተድረው አሰላ ገቡ። ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ደመናው ሲገለጥ ጭላሎ ከደጃፉ በሚታይበት ስፍራ ባልና ሚስቱ ቤት ሠሩ። አቶ ገብረወልድ በዚያ ቤት ዐረፉ፤ ሴት ልጃቸው ከዚያ ቤት ተዳረች፤ ወንዱ ልጃቸው ደመቀም ከዚያ ቤት እየተመላለሰ ተምሮ በቆጂ የመንግሥት ጸሐፊ ሆነ። እኔ የደመቀ የትምህርት ቤት ጓደኛ ስለ ነበርሁ፣ ሥራ ይዤ አሰላ ስመደብ ከግቢያቸው የኋላዋን ክፍል ተከራይቼ ገባሁ።

ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ነበሩ፤ ነገር ግን ሲራመዱ ወጣት አይደርስባቸውም። ጎመናቸውን ራሳቸው ይኮተኩታሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ነጠላቸው ከኋላ እየተርገበገበ፣ ያን የአሰላን ጭቃ ከድንጋይ ድንጋይ እየመረጡ ያልፉታል። ምርኩዝ ቢይዙ ምን አለበት ብዬ አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ ለማን ነው፣ ለእኔ ነው ወይስ ለውሻው ብለው አሳፈሩኝ።

የቤታቸው ወለል አፈር ነበር። በየቅዳሜው በእበት ይለቀለቃል፤ ሲደርቅ እግር ይይዛል። በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. ግን ደመቀ ዕድገት አገኘና እናቱን ሊያከብር አሰበ። በዚያን ጊዜ በሰፈራችን ሊሾ ወለል ያለው ቤት ጥቂት ነበር። ደመቀ ሲሚንቶውንና ቀዩን ቀለም አስጭኖ ላከ፤ ሥራውንም ከዲሮ ለሚባል ወጣት ግንበኛ ሰጠ። ከዲሮ የጎረቤታችን የራቢያ የወንድም ልጅ ነው። ያን ወለል እያሸ፣ እያለሰለሰ ሰነበተ። ሲጨርስ የሰው መልክ የሚያሳይ ሆነ። ቤት የሚያሠራ ሰው ባገኘ ቁጥር እየጎተተ አምጥቶ ያሳያል። ጎረቤቱም ማንም ሳያዘው ጫማውን ደጃፍ ላይ እያወለቀ ይገባ ጀመር። ወይዘሮ የሺሃረግ ላምባ በነካ ጨርቅ ይወለውሉታል፤ በተወለወለ ቁጥር ያበራል፤ ባበራ ቁጥርም ይወለውሉታል።

ፋሲካ ደረሰ። ለበዓል ቄጠማ መጎዝጎዝ የኖረ ወግ ነውና፣ ወይዘሮ የሺሃረግ እርጥቡን ቄጠማ በሊሾው ላይ በትነው እንዳይጠወልግ ውሃ አርከፈከፉበት። በአፈሩ ወለል ጊዜ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ ውሃው ወደ አፈሩ ይሰርጋል። ሊሾው ግን ውሃውን ላዩ ላይ አስተኛው። ደመቀ ከበቆጂ መጥቶ፣ እኛም ተጠርተን ተቀምጠን ሳለን፣ እናቱ የዶሮውን ወጥ ይዘው ከማድ ቤት ገቡና እግራቸው ከሥራቸው ሸሸ። ቁጭ ብለው ቀሩ። ድስቱን ግን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ እንደያዙት ነበር፤ መጀመሪያ ከአፋቸው የወጣውም ቃል አልፈሰሰም የሚል ነው።

እንግዳው ሳቀ። ደመቀ ግን ፊቱ ዐመድ መሰለ። ባለፈው ዓመት ወይዘሮ በቀለች የሚባሉ የሰፈራችን ሴት ከደጃፋቸው ደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ከአልጋ ሳይነሡ ነበር ያለፉት። ሁላችንም ውስጥ ውስጡን ያን እናስብ ነበር። እናቱ የእጃቸው አንጓ አብጦ በወጌሻ ከመታሸቱ በስተቀር ምንም አልሆኑም፤ ቢሆንም ማታ እንግዳው ሲሄድ ደመቀ ቁርጡን ነገራቸው። እርጅና መጥቷል፣ ብቻሽን መኖር አይገባሽም፣ ክረምቱ አልፎ የበቆጂ መንገድ ሲደርቅ መኪና ይዤ መጥቼ እወስድሻለሁ፣ ቤቱንም እናከራየዋለን አላቸው። ወለሉን ማንም አልጠረጠረውም። እንደዚያ ያለ ወለል እንዴት ይጠረጠራል?

የከፋው ነገር እርሳቸውም ማመናቸው ነው። እግሬ ከዳኝ ብለው ግድግዳ እየዳበሱ ይሄዱ ጀመር። ሰኔ ውስጥ እንደገና አዳለጣቸውና የአልጋውን ጠርዝ ይዘው ተረፉ፤ ይህንም ለደመቀ እንዳልነግር አስማሉኝ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተዉ። ጎመኑን አረም ዋጠው። አንድ ቀን ሰላም ልላቸው ብገባ ልብሳቸውን እያጠፉ ሳጥን ውስጥ ሲጨምሩ አገኘኋቸው። ለልጄ ሸክም ከምሆን ልታዘዘው ብለው ነገሩኝ፤ ብቻ ባለቤቴ ከሞተበት ቤት ወጥቼ፣ በማላውቀው ብርድ አገር፣ በምራቴ ፊት ግድግዳ ይዤ ልሄድ ነው አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ነገሩን የለወጠችው ራቢያ ናት። የራቢያ ቤት ወለሉ እንደ ዱሮው አፈር ነው። ወይዘሮ የሺሃረግ በሐምሌ ልጇን ሊያዩላት እየሄዱ ይውሉ ነበር፤ እዚያ ሕፃኑን አዝለው ወዲያ ወዲህ ሲሉ ግድግዳ አይነኩም። ራቢያም ይህን አይታ ነገሩ ገርሟት ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ሲያካፋ ወተት ይዛላቸው መጣች፤ እንደ ደንቡ ጫማዋን ደጃፍ አውልቃ በእርጥብ እግሯ ገባች፤ ወዲያው ወተቱ ወደ አንድ በኩል፣ እርሷ ወደ ሌላው በኩል ሄዱ። እኔ ድምፅ ሰምቼ ስደርስ፣ ራቢያ መሬት ላይ ተቀምጣ ክርኗን እያሸች ነበር።

“እትዬ የሺ፣ እርጅና ለእኔም መጣ መሰለኝ፤ አርባ እንኳ ሳይሞላኝ” አለች።

ወይዘሮ የሺሃረግ መጀመሪያ ደነገጡ። ከዚያ ራቢያን አዩ፤ ወለሉን አዩ፤ የገዛ እግራቸውንም ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ተመለከቱት። ቀስ ብለው፣ “እግሬ አይደለማ” አሉ። ከዚያ በኋላ የሳቁት ሳቅ እንባ የቀላቀለ ነበር፤ ራቢያም የፈሰሰውን ወተት ረስታ አብራቸው ሳቀች።

ወለሉን ማስተካከሉ ግን ቀላል አልሆነም። ሰሌን ቢያነጥፉበት ሰሌኑ ራሱ ከነሰዉ ይሄዳል። ላምባውን ቢተዉትም ልስላሴው የከዲሮ እጅ ሥራ ነውና አልለቀቀም። በመጨረሻ ከዲሮ ተጠራ። በመሮ ውቀረው ቢሉት ያልሰማ መሰለ፤ ደግመው ቢነግሩት ዐይኑ ፈጠጠ።

“እማማ፣ ሰው የገዛ ልጁን ፊት ይቧጭራል?” አላቸው።

“ልጅህ ከሆነ ቅጣው፤ ሰው እየጣለ ነው” አለችው ራቢያ።

ከዲሮ መሮና መዶሻውን አምጥቶ ከአልጋው አጠገብ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ምቶች ፊቱን አዙሮ ነው የመታው። ወለሉ የዶሮ መንጋ የጫረው መሰለ። እጁ ከሥራው ከገባ ወዲያ ግን ወይዘሮ የሺሃረግ ሌላውንም አስታወሱ። የደጃፉ የድንጋይ ደረጃ ይነቃነቅ ነበር፤ አጽንቶ አስቀመጠው። ወይዘሮ በቀለች የሚይዙት አጥተው ነበር የወደቁት ብላ ራቢያ ስታነሣ፣ ከደረጃው ጎን የጥድ እንጨት መያዣ ተከለ። ፋኖሱ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ከፍ ያለ ስለ ነበር በየማታው በርጩማ ላይ ይወጡ ነበር፤ ወደ ደረታቸው አወረደው። ሲያጉረመርም የነበረው ከዲሮ በመጨረሻ ራሱ የሚጥል ነገር ፈላጊ ሆነና በርጩማውን አንሥቶ ነቀነቀው። ይህም ይጥላል ብሎ ወደ ማገዶው ወረወረው። በርጩማው ግን ምንም አልነበረበትም፤ በኋላ ወይዘሮ የሺሃረግ ከማገዶው መልሰው አወጡት።

የመጀመሪያዎቹን ቀኖች እጃቸው በልማድ ግድግዳውን ይፈልግ ነበር። ኋላ ረሳው። ነሐሴ ሳያልቅ ነጠላው እንደገና ሲርገበገብ አየሁት። ሳጥኑን ግን አልፈቱትም፤ ደመቀ ምን ይል ይሆን እያሉ ይፈሩ ነበር።

መስቀል እንዳለፈ ደመቀ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለውን የጭነት መኪና ተከራይቶ መጣ። ሾፌሩ ደጅ ቆሞ ጎማውን ይመለከታል። ደመቀ ገባና ከበሩ ሳያልፍ ቆመ።

“ማነው እንዲህ ያደረገው?” አለ።

“እኔ ነኝ፤ ግባና እጅህን ታጠብ” አሉት።

እኔና ራቢያም እዚያው ነበርን። እናቱ ውሃ እያፈሰሱለት የሆነውን ሁሉ ከፋሲካው ቄጠማ ጀምረው ነገሩት፤ የሰኔውንም አልደበቁም። እርሱ አልተዋጠለትም። ነገ ሌላ ቦታ ብትወድቂስ፣ ማን ያነሣሻል፣ ሰውስ እናቱን ጣለ አይለኝም ወይ እያለ ተከራከረ። እርሳቸው እየመለሱለት ሥራቸውን አላቋረጡም። ወደ ማድ ቤት ወጡ፤ መያዣውን ነካ አድርገው ደረጃውን ወረዱ፤ ጎመኑን ይዘው ተመለሱ። ጨው ረስቼ ብለው ደግሞ ወጡ። እንጀራውን አቀረቡ፤ ከመደርደሪያው ብርጭቆ አነሡ። ደመቀ አንገቱን እያዞረ ተከተላቸው። ዐይኑ ከፊታቸው ወደ እግራቸው ሲወርድ አየሁት። ክርክሩ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ።

“እማዬ፣ እስቲ ቁጭ በይ” አለ።

“ደከመኝ አልሁህ?”

“አይ፣ እኔን ደከመኝ።”

ተቀመጡ። ደመቀ የተወቀረውን ወለል በጫማው ጫፍ ፈተገው፤ አልተንሸራተተም። “እኔ እኮ ላከብርሽ ነበር” አለ።

“አክብረኸኛል። አሁን ደግሞ እመነኝ።”

ራቢያም ጣልቃ ገብታ፣ ጠዋት ከማድ ቤቱ ጢስ ሲወጣ ካላየሁ አጥሩን ጥሼ እገባለሁ፤ ወላሂ፣ ያንተን መኪና አልጠብቅም አለችው። ከዚህ በኋላ የቀረው ምሳ መብላት ነበር። ደመቀ ጥሩ አድርጎ በላ። ፊቱ ላይ ከፋሲካ ጀምሮ የቆየው ዐመድ ያን ዕለት ነው የለቀቀው። እናቱን በሾፌሩ ፊት ሳማቸውና ወደ መኪናው ሄደ።

ሾፌሩ የሚጫነው ዕቃ የታለ ብሎ ጠየቀው።

“ዕቃው እምቢ አለ” ሲል ሰማሁት።

ያ ትልቅ መኪና ባዶውን እየተንገጫገጨ የበቆጂን መንገድ ያዘ። ወይዘሮ የሺሃረግ ደረጃው ላይ ቆመው ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጡ፤ ከዚያ እፎይ ብለው ቁጭ አሉ።

“ምነው እትዬ የሺ፣ ልጅዎ ሲሄድ እንዲህ ደስ አለዎት?” አለች ራቢያ ልትነካካቸው።

“እሱ ስለ ሄደ አይደለም” አሏት። “እኔ ስለ ቀረሁ ነው።”