ሳይጣሉ መታረቅ

የወንድሜ የደረጀ ቀኝ ጆሮ አይሰማም። ግራውም እየደከመ ነው። ጭሮ ውስጥ ይህን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነበርን፤ እሱ፣ እኔ እህቱ ሚካልና የሐሙስ ባንድ ዘፋኝ ብሩኬ። አራተኛ ሰው ካወቀ ደረጀ እንጀራውን ያጣል። ከሰርግ ሰርግ እየዞረ ድምፅ የሚያስተካክል ሰው መስማት አቃተው ከተባለ ከሂርና እስከ መቻራ ማን ይጠራዋል?

አዳማ ላይ ሐኪሙ ቁርጡን የነገረው ጥቅምት ውስጥ ነው። በማግስቱ ተመለሰ፣ ምሳውን በላ፣ ሱቁን ከፈተ። አላለቀሰም፣ ማንንም አልተሳደበም። ሐዘን ቢሆን እኔም አውቅበታለሁ፣ አብሬው እቀመጣለሁ። የሱ ግን ምን እንደሆነ አላውቅም። ምሳ ደርሷል ስለው “ይሁን” ይላል፣ መብራት ጠፋ ስለው “ይሁን” ይላል። አንድ ቀን ብሩኬን አስጠርቶ፣ “አዲሱን አልበማችሁን እኔ አላቀናብርም። አዲስ አበባ ታምራት የሚባል ጎበዝ ልጅ አለ፣ እሱ ይሥራላችሁ” አለው። ምክንያቱንም ነገረው፣ ለማንም እንዳይናገር አስማለው። ብሩኬ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ደረጀ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ደንበኛ ይመስል ዝም ብሎ አየው።

ሱቃችን ከፊት ፎቶ ቤት ነው። ከኋላ በእንቁላል ካርቶንና በብርድ ልብስ የተለበጠች አንዲት ክፍል አለች። የሐሙስ ባንድ የመጀመሪያ አልበም የተቀዳው እዚያ ነው፤ ኤሌክትሪክ ጊታር ከአገራችን ጭፈራ ከሸጎዬ ጭብጨባ ጋር። በሁለተኛው ዘፈን መሀል ጫት የጫነ አይሱዙ በበራችን ሲያልፍ ክላክሱን አስጮኸና ድምፁ አብሮ ተቀዳ። ደረጀ አላወጣውም። አሁን ጎረምሳው ሁሉ ዘፈኑን ሲያንጎራጉር ክላክሱንም አብሮ ያንጎራጉራል።

ብሩኬ ከታምራት ጋር የተነሳውን ፎቶ ቴሌግራም ላይ በለጠፈ ዕለት ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ክርክሩ ደግሞ የሚጋጋለው የት ሆነና? እኛው ሱቅ። ባጃጅ ነጂው ጃዕፈር ባጃጁን በር ላይ ገትሮ ገባ።

“አቦ ሚኪ፣ እንዴት ነው ነገሩ? አዲስ አበቤ ሸጎዬን ከየት ያውቀዋል?”

ፎቶ ልታሳጥብ የመጣች ሳብሪና የምትባል የኮሌጅ ተማሪ አላስጨረሰችውም። “ተው እንጂ! የድሮው እኮ በርሜል ውስጥ የተቀዳ ነው የሚመስለው። ደግሞ ዘፈን መሀል ክላክስ ምን ይሠራል?”

“ክላክሷን እንዳትነኪብኝ! እኔ ባጃጅ የገዛሁት ያቺን ክላክስ ሰምቼ ነው።”

ሁለቱም ቤዝ ጊታርን ከክራር አይለዩም። ስለ ቅንብር ግን አፋቸውን ሞልተው ያወራሉ። ደረጀ ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሶ ከአንዲት ሙሽራ ፊት ብጉር እያጠፋ ነበር። ጃዕፈር በቀኙ በኩል ጠጋ ብሎ፣ “ደሬ፣ አንተስ ምን ትላለህ?” አለው። ደረጀ ቀና አላለም። ጃዕፈር ወደ እኔ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ልቡ ተሰብሯል አይደል?” አለኝ።

መናገር ነበረብኝ። ዝም አልኩ። ማፈርም ነበረብኝ፣ እሱም አልመጣልኝም። ከሱ ጋር ስኖር እኔም ደንዝዣለሁ።

ከዚያ በኋላ ወሬው በራሱ ሄደ። ብሩኬ ወንድሜን ከድቶታል ተባለ። ደረጀ ከኩርፊያው ብዛት መንገድ ላይ ሰላም ሲሉት አይመልስም ተባለ። ብሩኬን ገበያ መሀል ከሃዲ ብለው ሰድበውታል። አንዲት ቃል ትንፍሽ አላለም።

በኛ አገር ሁለት ሰው ተኮራረፈ ከተባለ ሽማግሌ እስኪጠራ አይጠብቅም። አንድ እሁድ ከሰዓት የጫት ነጋዴው ሐጂ ሙሜና ግማሹን ጭሮ ሒሳብ ያስተማሩት ጋሽ አጥናፉ መጡ። የላካቸው ጃዕፈር ነው፣ ብሩኬን እንደ ተከሳሽ ከፊት አስቀድሞ ገባ። ሐጂ ያመጡትን እስር ጫት መሀል ላይ አኖሩና ከደረጀ በስተቀኝ ተቀመጡ። መዳፋቸውን ዘርግተው በለሆሳስ መመረቅ ጀመሩ። ቂም ይንቀልላችሁ፣ የተለያየውን ይሰብስብ፣ ቤታችሁን ሰላም ያድርገው። ደረጀ ዓይኑን አፌ ላይ ተክሎ፣ እኔ አሜን ስል አሜን ይል ነበር።

ጋሽ አጥናፉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ብሩኬ፣ ታላቅህን ምን አድርገህ ነው ያስቀየምከው?”

ልጁ እውነቱን ተናግሮ መገላገል ይችል ነበር። ደረጀን አየው። ከዚያ ተነስቶ የደረጀ ጉልበት ላይ ወደቀ። “አጥፍቻለሁ ጋሼ፣ ይቅር በለኝ” አለ።

ያን ጊዜ ከስንት ወር በኋላ አንድ ነገር ተሰማኝ። ተናደድኩ። በወንድሜ ተናደድኩ።

“በል እንግዲህ ደረጀ፣ ይቅር በለው” አሉ ጋሽ አጥናፉ ጮክ ብለው። “ነገ አልበሙን ትጀምርለታለህ።” ጃዕፈር አጨበጨበ።

ደረጀ ጉልበቱ ላይ የተደፋውን ልጅ ትከሻውን ያዘው። “ተነስ” አለው። ከዚያ መብራት ጠፋ በሚባልበት ድምፅ ተናገረ። “ይሄ ልጅ አልበደለኝም። ታምራት ጋ ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ጆሮዬ አይሰማም። ቀኙ ጭራሽ ሞቷል፣ ግራውም ብዙ አይቆይም።”

ሽማግሌ ለጠብ ነው፤ ለጆሮ ምን ያደርጋል?

“ታዲያ መንገድ ላይ ስጠራህ...” አለ ጃዕፈር።

“አልሰማሁህም፣ ጃዕፈር።”

ሐጂ ሙሜ ወደ እሱ ጠጋ ብለው፣ “እና እስካሁን ስመርቅህ?” አሉት። አልዞረም። እኔ በግራው በኩል ሆኜ ደገምኩለት።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ ሐጂ” አለ። “አንዱም አልደረሰኝም። ሚካልን እያየሁ ነው አሜን ያልኩት።”

ሐጂ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሱ። በርጩማቸውን ይዘው በኋላችን ዞሩና በስተግራው ተቀመጡ፣ ጺማቸው ጆሮውን እስኪነካ ድረስ ተጠጉ። “እጃችሁን ዘርጉ” አሉን። ሁላችንም እንደገና ዘረጋን። ገበያ መሀል ሰው እንደሚጠራ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ምርቃቱን አንድ ቃል ሳያስቀሩ ከመጀመሪያው ጀመሩት። ደረጀ ወደ እኔ አላየም። እኔ እንባ እየቀደመኝ አንዱንም አሜን ማለት አልቻልኩም፤ እሱ ግን በየመሀሉ በራሱ አሜን ይል ነበር።