ካናቴራው ላይ የተሰፋው ኳስ

የልብስ ሰፊዋ ባል የሌሊት ዘበኛ ስለሆነ የሚተኛው ቀን ነው። እሷ ሳሎን ስትሰፋ እሱ መኝታ ቤት ያንኮራፋል። ደንበኞቿ «ሌላ የስፌት መኪና ገዛሽ እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባታል። ቀልዱ ሲያንገሸግሻት «ይሄን ሰውዬ ዝም ሳላሰኘው አልቀርም» አለችና የሚያንኮራፋው በጀርባው ሲተኛ ነውና እንዳይመቸው ካናቴራው ላይ ከኋላ ኪስ ሰፍታ የቴኒስ ኳስ ከተተችበት።

በማግስቱ ቤቱ ጭጭ አለ። እፎይ ብላ የአንድ ቀሚስ እጅጌ ገጠመች። ሁለተኛውን ስትጀምር ግን ጆሮዋ መኝታ ቤት ሄደ፤ ስፌቱም ተጣመመባት። ተነስታ እጇን አፍንጫው ስር አደረገች። ይተነፍሳል። ተመልሳ ተቀመጠች፤ ብዙም ሳትቆይ ደግሞ ተነሳች። እንዲህ ስትመላለስ ባልየው ዓይኑን ሳይገልጥ «አንቺ ሴትዮ፣ አልሞትኩም፤ አስተኚኝ እንጂ» አላት።

«እስቲ ዙርልኝ» አለችና ኪሱን በመቀሷ ተረተረችው። ኳሱ አልጋው ስር ተንከባለለ። እሱም በጀርባው ተዘርግቶ ወዲያው ቤቱን አናጋው። እሷ የተጣመመውን ፈትታ ሁለተኛውን እጅጌ ቀጥ አድርጋ ገጠመች።

የቀሚሱ ባለቤት ስትመጣ ሳቀች። «ዛሬም ሁለቱንም መኪና አስነስተሻል።»

«ምን ላድርግ እህቴ፣ ያኛው ሲቆም ይሄኛው አይሰፋም።»