በጎረቤት ደጅ የቀረ ጉዞ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ በየዓመቱ ለገና ከዳባት እስከ ላሊበላ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ሳይነሡ በፊት ጎረቤቱን ሁሉ እየዞሩ፣ «የመንገድ ነገር አይታወቅም፤ ይቅር በሉኝ» ይላሉ። ቂም ይዘው ቅዱስ ቦታ አይረግጡም።

ዘንድሮ በእርሻ ድንበር የተጣላቸው ጎረቤታችን በር አልከፈተላቸውም። «በደሉ የእሱ ነው፤ እርስዎ ይሂዱ» ብላቸው፣ «ተው ልጄ፣ ነገ ይለዝባል» አሉኝ። ጓደኞቻቸው ስንቃቸውን ይዘው ወጡ። እርሳቸው ግን በየጧቱ በውርጭ እዚያ ደጅ ሲቆሙ ሰንብተው ታመሙ። ተጓዦቹ ሳይመለሱ እርሳቸው አረፉ፤ በሶአቸው እንደተቋጠረ ነው።

በቀብራቸው ቀን ሰውየው ደረቱን እየደቃ፣ «አባቴ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ!» ይላል።

«ደጅህ ቆመው ሳለ ምነው?» አልሁት።

አጎቴ ቢሰሙኝ ይቆጡኝ ነበር። እኔ ግን እስካሁን ይቅር አላልሁትም።