አያቴ በር ላይ የምትጠራው ስም

ዛሬ ኮልፌ አንዲት ሴት ከዛገ የቆርቆሮ በር ላይ ቆማ ልጇን «ና ግባ!» ብላ ስትጣራ ሰማሁና እግሬ ቆመ።

በደርግ ጊዜ አጎቴን የገደሉት ሰሞን ቀበሌው ልቅሶ ከለከለን። ድንኳን የለም፣ ነጠላ ማዘቅዘቅ የለም፣ ጮክ ብሎ ማልቀስ የለም። አሁንም ሳወራው ደሜ ይፈላል። በዚያው ሳምንት እናቴ ወንድሜን ወለደች። ለልጇ እንዳታለቅስ የተከለከለችው አያቴ ለልጅ ልጇ «አለልኝ» ብላ ስም አወጣች። ከዚያ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ወጥታ «አለልኝ! አለልኝ!» እያለች ሰፈሩን ታናውጠው ጀመር።

አንድ ቀን አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን አንግቶ መጣ።

«እማማ፣ ማንን ነው የሚጠሩት?»

«የልጅ ልጄን ነዋ!»

«አብዮት ቢሉት ምን አለበት?»

እናቴ ነጠላዋን ጎተተቻት። አያቴ አስለቀቀቻት።

«አንተ ስትወልድ አብዮት በለው። የኔ አለልኝ ነው። ስም መጥራትም ተከለከለ እንዴ?»

አያቴ ወደ መንገዱ ዞራ፣ ከበፊቱ አብልጣ ጮኸች። አለልኝ ያኔ መዳህ እንኳ አልጀመረም፤ እኔ ጀርባ ላይ ታዝሎ ተኝቷል።

ዛሬ ወንድሜ ጎልማሳ ነው። ሰው ስሙን ሲጠራ ግን፣ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ እንኳ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው፣ አጎቴ የሚገባ ይመስል፣ ወደ በሩ ነው።