ጋዙ በላት ያልኳት አንድ ዙር

ሰውየውን መጀመሪያ የጠላሁት በመስኮት ምክንያት ነው። ማርቆስ ላይ ጠዋት ጠዋት ከጮቄ የሚወርደውን ብርድ የሚያውቅ ሰው መስኮት ከፍቶ አይቀመጥም። እሱ ግን ከወሎ ቆላ የመጣ ነውና ብርዱ ብርቅ ሆኖበታል። ዩኒቨርሲቲው አንድ ቢሮ ለሁለታችን ሲሰጠን የኔ ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር ወደቀ። እኔ እዘጋለሁ፣ እሱ ይከፍታል። አራት ዓመት ሙሉ ፊዚክስ የሠራሁት ጋቢ ተከናንቤ ነው። ጠዋት እንደምን አደርሽ ይለኛል፣ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፤ ከዚያ እስከ ምሳ ሰዓት ቃል አንለዋወጥም።

ሁለተኛው ጥፋቱ ቀይ እስክሪብቶው ነበር። የማንንም ወረቀት ሲያነብ ከደረት ኪሱ መዥረጥ ያደርገዋል። የዶክትሬት ሥራዬን እንዲገመግም ሲመደብ፣ ከዚያ ሁሉ መምህር መካከል እሱን ማን መረጠብኝ ብዬ አንድ ሳምንት ተብከነከንኩ።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች እርስ በርስ እየተዟዟሩ ይቀራረባሉ፣ በመጨረሻም ተዋሕደው አንድ ይሆናሉ። ሲዞሩ የስበት ሞገድ ይወጣቸዋል፤ ሞገዱ ምድር ድረስ መጥቶ በጣም ረቂቅ በሆነ መሣሪያ ይለካል። አብዛኛው ሰው ሒሳቡን የሚሠራው ሁለቱ ባዶ ሰማይ ላይ እንዳሉ አድርጎ ነው። እኔ ደግሞ ዙሪያቸው ባዶ ባይሆንስ ብዬ ተነሣሁ። በዙሪያቸው ጋዝ ካለ፣ የኩራዙን ሳይሆን በከዋክብት መካከል የሚንሳፈፈውን ማለቴ ነው፣ ጭቃ የበሬን ጉልበት እንደሚጨርስ ጉልበታቸውን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ቶሎ ይወድቃሉ፤ ከመዋሐዳቸው በፊት የሚዞሩት ዙርም ያንሳል። እንግዲህ ሥራው መቁጠር ነው። በባዶ ሰማይ ስንት ዞሩ? በጋዝ ውስጥስ? ልዩነቱ ጋዙ የበላው ነው።

እኔ ያገኘሁት ልዩነት አንድ ነበር። ከብዙ ሺህ ዙር መካከል አንዲት ዙር ትጎድላለች። ትንሽ ትመስላለች እንጂ ወደፊት የሚሠሩት መሣሪያዎች እሷን ለይተው ማየት ይችላሉ። ሞገዱን ብቻ አይቶ እዚያ ጋዝ አለ ማለት ይቻላል ማለት ነው። ዶክትሬቴ በሙሉ የቆመው በዚያች አንድ ዙር ላይ ነበር። የጥናት ጊዜዬ ሁለት ጊዜ ተራዝሞልኛል፤ ሦስተኛ እንደማይኖር ደግሞ በደብዳቤ ተነግሮኛል።

ለመጨረሻው ግምገማ ሁለት ሳምንት ሲቀር በዲፓርትመንቱ ሴሚናር ላይ ውጤቴን አቀረብኩ። ተጨበጨበልኝ። እሱ እጁን አወጣ።

«ሦስት ዓይነት የጋዝ መጠን ሞክረሻል። ወፍራምም ሆነ ስስ፣ በሦስቱም የጎደለው አንድ ነው?»

«በሙሉ ቁጥር ስለምቆጥር ነው» አልኩ። ይህን መልስ ቤቴ አዘጋጅቼው ነበር የመጣሁት።

«እሺ፣ ጋዙን ጨርሰሽ አውጥተሽ አሂጂው። ባዶውን በባዶ አወዳድሪው። ያኔም አንድ ከጎደለ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው። ጋዙ ምንም አላደረገም።»

የኋላ ወንበር ላይ ያሉ ተማሪዎች ሳቁ። ደሜ ፈላ።

«ብርድና ሙቀት የማይለይ ሰው» አልኩት፣ «ስለ ጋዝ አይመክረኝም።»

አሁን ሁሉም ሳቀ። የመስኮቱን ጠብ የማያውቅ ሰው በዲፓርትመንቱ አልነበረም። እሱ ግን አልሳቀም፣ አልተቆጣምም፤ ቁጭ ብሎ ጻፈ። በማግሥቱ ጠረጴዛዬ ላይ ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ። በቀይ «ባዶውን ሞክሪው» ይላል። ለሁለት ቀድጄ እያየኝ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። ሙከራው ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ነገር ነው። ሌላ ሰው ቢለኝ ያኔውኑ እሠራው ነበር። ያልሠራሁት እሱ ስላለ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ግምገማው ሰኞ ሊሆን አንድ ሳምንት ሲቀረው የአክስቴ አርባ ደረሰ። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። በዚህኛው ሰኞ ረፋድ ላይ በሚኒባስ ሮብ ገበያ ከተማ ደርሼ፣ ከዚያ በእግሬ አባቴ ቤት ስገባ አባቴና ወንድሜ ደጃፉ ላይ ተፋጠዋል። ወንድሜ ካህናቱንም ጎረቤቱንም የጠራው ለረቡዕ ነው። ረቡዕ ጾም ስለሆነ የጾም ወጥ አዝዟል። አባቴ ደግሞ አርባዋ ነገ ማክሰኞ ነው፣ በግ ይታረዳል ይላሉ።

«ስልኩ ነው ረቡዕ ያለው» አለ ወንድሜ። «ከሞተችበት ቀን ላይ አርባ ደመርኩበት።»

«ስልክህ የነፍስ አባቷ ነው?» አሉት አባቴ። «የሞተችበት ቀን አንድ ነው፣ ማግሥቱ ሁለት ነው። ነገ አርባ ይሞላል። ለእህቴ ሞት አንድ ቀን አትጨምርብኝ!»

አባቴ የባሕረ ሐሳብ መምህር ናቸው። የፋሲካን ቀን፣ የአጽዋማትን መግቢያ በጣት አንጓ ቆጥሮ የሚያወጣውን ትምህርት ከእሳቸው ተምረው ያደጉ ወንዶች በአገሩ ሁሉ አሉ። እኔን አላስተማሩኝም። ሴት ልጅ ለምን ትማረዋለች? ጓዳ ተቀምጬ ሽሮ ስነፋ በግድግዳው በኩል ስሰማ ነው ያደግሁት። ግን ሒሳብ የወደድኩት በዚያ ግድግዳ ነው፤ ይህን አልክድም።

«አባዬ ልክ ናቸው» አልኩት ወንድሜን። «የሞተችበት ቀን ራሱ ይቆጠራል። አንድ ብለህ የምትጀምረው ከእሱ ነው።» አውራ ጣቴን በሌባ ጣቴ የመጀመሪያ አንጓ ላይ አሳርፌ አሳየሁት። «ይቺ አንድ።»

ጣቴ እዚያው ቀረ።

በባዶ ሰማይ ያለውን ሞገድ የቆጠርኩት ራሴ በጻፍኩት ኮድ ነበር። የመጀመሪያውን የሞገድ ጫፍ አንድ ብዬ፣ ቀጣዩን ሁለት ብዬ። የመጀመሪያው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ግን ጥቁር ጉድጓዶቹ ገና አንድም ዙር አልጨረሱም። የጋዙን የቆጠረው ደግሞ አማካሪዬ የላከልኝ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ተዙሮ ያለቀውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ታዲያ የጎደለችው አንዷ ከአቆጣጠሬ ብትሆንስ?

«አባዬ» አልኳቸው፣ «ዘመን ሲቆጥሩም እንዲሁ ነው? የተጀመረው ዓመት ይቆጠራል?»

ዞር ብለው አዩኝ። «ይህን ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ ሲያስተምሩ የሰማሁት ነው።»

«እኔ አንቺን አላስተማርኩም።» ከወንድሜ ላይ ያልወረደው ቁጣ ወደ እኔ ዞረ። «ለሙት የሆነ እንደሆነ የሞተበት ቀን ይቆጠራል። ለዘመን ሲሆን ያላለቀው ዓመት አይቆጠርም፤ ቆጥረሽ ስታበቂ አንድ ይነሣል። አንድ ሳይነሣ የወጣ ፋሲካ ፋሲካ አይደለም። ይህን የማያውቅ ተማሪ በእኔ ጉባኤ አልተቀመጠም።»

«እኔ አላውቅም ነበር።»

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» አሉኝ። «ሌባ እንኳ ሲሰርቅ ሙሉውን ይዞ ይሄዳል።»

ወንድሜ ሳቀ። ጠቡ ከእሱ ላይ ስለተነሣለት ነው የሳቀው። እኔ ግን ያን ቀን አባቴን ጠላኋቸው። ባለሽበት እርጉም ሁኚ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ማክሰኞ በግ ታረደ፣ ጥቂት ሰው በላ። ረቡዕ የተጠራው ሰው መጥቶ ትርፍራፊውን ጾም ነውና ሳይነካ ሲያጉረመርም እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ።

ቢሮ ስደርስ ሰውየው ሊያስተምር ክፍል ገብቷል። መስኮቱን ዘጋሁና ጋዙን ከአማካሪዬ ፕሮግራም ጨርሼ አውጥቼ ባዶውን ከራሴ ባዶ ጋር አወዳደርኩት። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። የጎደለው አንድ ነው። ጋዝ የለም፣ አንዷ ግን አለች። ከዚያ በኮዴ ላይ አንዲት መስመር ጨምሬ አንዱን አነሣሁና ሦስቱን ጋዞች ደገምኳቸው። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ጋዙ ንጹሕ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ስከሰው የኖርኩት ጋዝ አንዲት ዙር እንኳ አልነካም።

ዝም ብል ያልፋል። ኮዱ ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ስለሆነ ሰውየው ቢጠረጥርም ማስረጃ የለውም። አማካሪዬ የሞገድ ጫፍ አንድ በአንድ አይቆጥርም፤ ሌሎቹ ገምጋሚዎች ደግሞ በሴሚናሩ ላይ ያጨበጨቡልኝ ናቸው። የተጨመረችውን መስመር ባጠፋት ሰኞ ዶክተር ነኝ። ካላጠፋኋት ውጤት የሌለው ሥራና የማይራዘም ጊዜ ነው የሚተርፈኝ። ጣቴን ማጥፊያው ላይ አድርጌ ቆየሁ። አባቴን ሰደብኩ፣ ሰውየውን ሰደብኩ። ከዚያ ያላለቀ ዓመት ቆጥሬ ፋሲካ ነው ብዬ ሰው ላስፈስክ ነው ወይ የሚል ነገር መጣብኝ፤ ይህም የመጣው በአባቴ ድምፅ ነው። እጄን አነሣሁ።

ሰውየው በሩን ከፍቶ ገባ። እንደምን ዋልሽ እንኳ ሳይል ቀጥ ብሎ ሄዶ መስኮቱን ከፈተው።

«ባዶውን ሞከርኩት» አልኩት።

እጁ መስኮቱ ላይ እንዳለ ቆመ። «ስንት ጎደለ?»

«አንድ።»

ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢስቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቢያንስ የምጠላው ነገር አገኛለሁ። እሱ ግን ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«ታዲያ ሰኞ?»

«ሰኞ ይህንኑ እናገራለሁ። ጋዙ ምንም አላደረገም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ እላለሁ።»

«ጊዜ አይጨምሩልሽም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ፤ የሚጽፍበት ነገር አጥቶ መልሶ ኪሱ ከተተው። «ግን አንዷ ከየት መጣች?» አለኝ። «አንቺ መቁጠር አያቅትሽም።»

«ከአባቴ ቤት ናት» አልኩት። «ወንዶቹን ሲያስተምሩ ጓዳ ሆኜ ነው መቁጠር የተማርኩት። ‹አንድ ይነሣል› ሲሉ ግን እኔ ውኃ ቅጂ ተብዬ ወጥቻለሁ።»