ማተቡ የተቆረጠበት ሰው

ያሰሩኝ ጉልበቴ ስላመመኝ ነው ብል ሰው ይስቃል። ነገሩ ግን እንዲያ ነው።

እህቴ ጎንደር ቀርታብኛለች። እኔ ወደዚህ አገር፣ ወደ እስራኤል፣ ስገባ «አንተ ቅደም፣ እኔ በሚቀጥለው አውሮፕላን እመጣለሁ» ብላኝ ነበር። የሚቀጥለው ሳይመጣ ጠጉሯ ነጣ። ታዲያ እንደኔ ዘመድ ወደ ኋላ የቀረብን ሰዎች አንድ ቀን ጧት እዚሁ አሽቀሎን ከተማ፣ ከአፍሪዳር ሰፈር መውጫው መንገድ ላይ ተሰበሰብን። ሃፍጋና ይሉታል፣ ሰላማዊ ሰልፍ ነው። ሁሉም የዘመዱን ፎቶ ደረቱ ላይ ይዟል። «ቁጭ በሉ» ተባለ፣ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አልን። መንገዱ ተዘጋ፣ መኪናው ጮኸ። ትንሽ ቆይተው ፖሊሶች መጡና ተነሡ አሉ።

ጎረምሶቹ ብድግ ብድግ አሉ። የኔ ጉልበት ግን አንዴ ከታጠፈ ለመዘርጋት ጊዜ ይፈልጋል። «ቆይ ልጄ፣ ቀስ ብዬ» አልሁት ፖሊሱን በአማርኛ። እሱ እምቢ ያልሁ መሰለው። ሁለት ሆነው በብብቴ ገብተው አነሡኝና ሰባን ያለፍሁትን ሰውዬ እንደ ሙሽራ ተሸክመው መኪና ላይ ጫኑኝ።

ጣቢያ ስንደርስ ከዘራዬን፣ ቀበቶዬን፣ የጫማዬን ክር ወሰዱ። የእህቴንም ፎቶ። ኩታዬን ልብስ ነው ብለው ተዉልኝ። ዕቃዬን የምትጽፈው ፖሊስ የእኛው ልጅ ናት። በመልኳ ወላጆቿ የደምቢያ ሰዎች ይሆናሉ አልሁ በልቤ። በአማርኛ አናገርኋት፣ በዕብራይስጥ መለሰችልኝ። «ሳባ» አለችኝ፣ አያቴ ማለቷ ነው። ቅር አላለኝም፤ የልጅ ልጆቼም እንዲሁ ናቸው። እስከ ነገ እዚህ ትቆያለህ አለችና አስገባችኝ።

ክፍሉ ነጭ ነው። መስኮት የለውም። መብራቱ ጣሪያውን ሙሉ የተነጠፈ ስለሆነ ብርሃኑ ከየትም አይመጣም፣ እንዲያው አለ። እጄን ዘረጋሁ፤ ጥላ የለውም። ከላይ በቧንቧ በኩል አንድ ድምፅ ይመጣል፣ ባሕር ይሁን የተኛ ሰው ትንፋሽ ለመለየት ያስቸግራል። ቀትር ላይ ነበር የገባሁት፤ እዚያ ውስጥ ግን ሰዓት የሚባል ነገር የለም።

አንድ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሃምሳ ዓመት ቢሆነው ነው። አንድ እጁ አንገቱን ይዟል። አጠገቡ ያልተነካ ዳቦና እስከ አፉ የሞላ የወረቀት ኩባያ ውሃ አለ።

«እንደምን ዋልህ» አልሁት።

እኔም አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁና ጉልበቴን ማሸት ያዝሁ። ብዙ ቆይቶ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ በጥሩ አማርኛ ጠየቀኝ።

«አባባ፣ እርስዎ መቼ ሞቱ?»

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ እንዲህ ይቀለድበታል፣ እሱም ይቀልዳል። እንዴት ከረሙ ሲሉት፣ ሞተን ከረምን ይላል። እኔም የተለመደው መሰለኝ።

«እኔማ ጎንደርን የለቀቅሁ ዕለት ነው የሞትሁት» አልሁና ሳቅሁ።

እሱ አልሳቀም። «አውቄው ነበር» አለ። «ሁላችንም ነን ማለት ነው።» ኩባያውን በጣቱ ገፋ አድርጎ አራቀው። «እንግዲያማ ሙት ምን ውሃ ይጠጣል።»

ያን ጊዜ ዞሮ አየኝ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ዓይኑ እኔን አልፎ ከኋላዬ ያለ ነገር የሚያይ ይመስላል። የቀለድሁት ቀልድ አፌ ውስጥ መረረኝ።

«ኧረ ልጄ፣ ጨዋታዬን ነው» አልሁት።

«ምኑ ጨዋታ ነው። ጥላዎን ይመልከቱ፣ የለም። በሩ ላይ ያለው ዓይንም ይመጣል፣ ያያል፣ እኛን ግን አያየንም።»

አፍታም አልቆየ፣ በሩ ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ተከፈተች። አንድ ዓይን ታየ። «ሻሎም» አልሁ። ዓይኑ በኔ ላይ አለፈ፣ በሱም ላይ አለፈ፣ መስኮቷ ተዘጋች።

«አዩ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

እውነቱን ልናገር፣ ለትንሽ ጊዜ ተጠራጠርሁ። መንገዱ ላይ መኪና ገጭቶኝ ይሆን? እነዚያ ተሸክመው የወሰዱኝ ፖሊሶች ነበሩ ወይስ ሌላ? ከቧንቧው የሚመጣው ትንፋሽ ወደ ጆሮዬ የቀረበ መሰለኝ። ጉልበቴን ጫን አደረግሁት። አመመኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በጉልበቴ ሕመም ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ሙት ጉልበቱን አያመውም» አልሁት።

«እኔን የሚያመኝ የለም» አለ። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ምንም አያመኝም።»

እየቆየ ነገረኝ። የአሰብ ልጅ ነው፣ አማርኛ እየተናገረ ነው እዚያ ያደገው። ወደዚህ በበረሃ በእግር ነው የመጣው። አብረውት የተነሡት አንድ በአንድ ወደቁ፤ እሱም ከመካከላቸው ወደቀ። ሦስት ቀን ከሬሳ ጋር ተኝቶ የቱ እሱ እንደሆነ የቱ እነሱ እንደሆኑ መለየት አቃተው። «እጄን ወደ አንገቴ ሰደድሁ» አለኝ። «ማተቤ አለ። ክርስትና የተነሣሁ ዕለት የታሰረልኝ ነው፣ ክሩ ባረጀ ቁጥር እናቴ እየገመደች ቄስ ያስርልኛል። እሱ ካለ እኔም አለሁ አልሁና ተነሣሁ።»

ከዚያ ወዲህ ማሪናው፣ የጀልባው ማቆሚያ፣ አጠገብ ካለ ምግብ ቤት ሳሕን ያጥባል። ሁልጊዜ ጧት ሲነቃ መጀመሪያ ማተቡን ይነካል፣ ከዚያ ሥራው ይሄዳል። ከትናንት ወዲያ የመኖሪያ ወረቀቱ ጊዜው አልፏል ተብሎ ተያዘ። እዚህ ሲያስገቡት ማንኛውም ክር ክልክል ነው ብለው በመቀስ ቆረጡበት።

«ማን ቆረጠው?»

«አንዲት ልጅ። ፊቷ ያገር ሰው ፊት ነው። ለመንኋት። ኹት፣ ኹት፣ አለች።»

ክር ነው፣ ክር ነው፣ ማለቷ ነው። የቷ ልጅ እንደሆነች ገባኝ። በክፋት አላደረገችውም፤ እዚህ ተወልዳ ማተብ ምን እንደሆነ ማን ነግሯት ያውቃል። ሰውም እዚህ ለምቀኛ ዓይን እያለ ቀይ ክር እጁ ላይ ያስራል፣ ያንን የመሰለ ነገር ይሆናል ያለችው።

አሁን እኔ የምናገረው ለልጆቼ እንኳ ያልነገርሁትን ነው። እኔም ማተብ ነበረኝ። አያቶቼ ቤተ እስራኤል ናቸው፤ አባቴ መሬት ለማግኘት ተጠመቀ፣ እኛንም በአርባ በሰማንያ ቀናችን አስጠመቀን። ወደዚህ ለመምጣት ስመዘገብ ወደ አያቶቼ ሃይማኖት ተመልሻለሁ አልሁ፤ ለቃለ መጠይቅ የተጠራሁ ዕለት ከግቢው አጥር ኋላ ሄጄ ማተቤን በጥርሴ በጠስሁና ቀበርሁት። ለብዙ ወር እጄ እየሄደ አንገቴን ይፈልግ ነበር። ስለዚህ ያ ሰውዬ አንገቱን ለምን እንደያዘ ሌላ ሰው ባይገባው ለኔ ይገባኛል።

ኩታዬን ተመለከትሁ። ክር ክልክል ነው ብለው የጫማዬን የወሰዱ ሰዎች ኩታ ክር ብቻ መሆኑን አላሰቡትም። እኔ ሸማኔ ነኝ፣ የሸማኔ ልጅ። ጨርቁ ሳይበላሽ የቱ ማግ እንደሚመዘዝ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ከጫፉ ሦስት መዘዝሁ። ማተብ ሲሆን በሦስት ቀለም ነበር፤ እኔ ያለኝ ነጭ ብቻ ነው። ምራቄን እንትፍ ብዬ አርጥቤ ጭኔ ላይ ገመድሁት። እጄ ሥራውን አልረሳውም።

ሰውዬው መጀመሪያ በጎን ያየኝ ነበር፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ዞረ። ክሩን ሲያይ ዓይኑ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ላይ አረፈ። አጠገቡ በርከክ ለማለት ሞከርሁ፣ ጉልበቴ እምቢ አለ፣ እሱ ወደ አግዳሚው ተጠጋልኝ። ላስርለት አንገቱ ላይ ሳደርገው እጄን ያዘው። እጁ እንደ በረዶ ነው።

«አባባ፣ ይቆዩ። እርስዎ ክርስቲያን ነዎት?»

መልስ ሳልሰጥ በሩ ተከፈተ። ያች ልጅ ናት። ጣሪያው ላይ ካሜራ አለ፣ እሱ ነው የጠራት። «ሳባ፣ ማ ዜ?» አለች፣ ይህ ምንድን ነው ማለቷ ነው። ከክሩ ዓይኗን አልነቀለችም።

ሰውዬው እሷን አላያትም። «ያላመነ ቢያስረው ክር ነው» አለኝ። «ክርማ ምን ያደርግልኛል። ነዎት?»

ልጅቱ በአፏ አማርኛ አይወጣትም እንጂ ጆሮዋ እንደሚሰማ አውቄያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ልጅ ሁሉ እናቱ ስትቆጣው ይሰማል። ክርስቲያን ነው የተባለ ሰው የዘመዱም የመግቢያ ፋይል ይዘጋል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፣ ፈርቼው ግን ስንት ዓመት ኖሬያለሁ። እህቴ እዚያ ትጠብቃለች። ለእሷ ብዬ መንገድ ላይ ተቀምጬ፣ ለእሷ ብዬ ታስሬ፣ አሁን ፖሊስ በቆመችበት ይህን ልናገር? ዝም ብል ማንም አይፈርድብኝም ነበር። ሰውዬው ግን እጄን እንደያዘ ይጠብቃል። እጁ ከእጄ ላይ ቀስ እያለ መላላት ጀመረ።

«አዎ፣ ነኝ» አልሁ።

ድምፄ ቀጭን ነበር። የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ልጅ ሳለሁ የተማርሁትን ጸሎት ጀመርሁ፤ መሀሉ ጠፋብኝ፣ እሱ በሹክሹክታ አቀበለኝ። ስንጨርስ አሰርሁለት።

«አሱር፣ ሳባ» አለች ልጅቱ። ክልክል ነው ማለቷ ነው። ድምፅዋ ግን እንደ ቅድሙ አይደለም።

«ልጄ፣ ይህ ክር ዶሮ አያስርም» አልኋት በአማርኛ። «ነይ፣ ጎትተሽ እይው።»

መጣች። ጣቷን ከክሩ ሥር አስገብታ ሳብ አደረገችው። ትንሽ ጨመር ብታደርግ ይበጠሳል፣ እሷም አውቃዋለች። ሰውዬው አልተንቀሳቀሰም፣ ትንፋሹንም ያዘ። የተሰነጣጠቀ ከንፈሩን አየች፣ ዳቦውን አየች፣ ውሃውን አየች። ጣቷን አወጣች።

«መጀመሪያ ውሃ ይጠጣ» አለች፣ በአማርኛ።

ኩባያውን አነሣሁና ሰጠሁት። ከመጠጣቱ በፊት ጣቱን ውሃው ውስጥ ነከረ። «ቀዝቃዛ ነው» አለ፣ አላምን እንዳለ ሰው። ጎንጨት ሲል ትን አለው፣ ሳለ፣ ጉሮሮውን ያዘ።

«አመመኝ» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ።

ልጅቱ በሩን ዘግታ ሄደች። ሰውዬው ውሃውን ጨረሰ፣ የዳቦውንም ግማሽ ቆርሶ ለኔ ሰጠኝ፣ አብረን በላን። ማታ ሳይሆን አይቀርም፣ ሌሎች ፖሊሶች መጥተው ወሰዱት። ወዴት እንደሆነ አልነገሩትም፣ ለኔም። እጁ አንገቱ ላይ እንዳለ ወጣ።

ብቻዬን ስቀር ያ የቧንቧ ትንፋሽ እንደገና ተሰማኝ። እንግዳው ነገር ይኸ ነው፦ ሰውዬው ወጥቶ ክፍሉ አልጎደለም። ሁለት ነን ስንል ሌላም እንደነበረ፣ እሱም እንዳልወጣ፣ ቆዳዬ አወቀው። ጠጉሬ ቆመ። ፍርሃት ግን አልነበረም። ኩታዬን ተከናንቤ «ቤት ለእንግዳ» አልሁና ተኛሁ።

በማግስቱ ወረቀት አስፈርመው ለቀቁኝ። ልጅቱ ከዘራዬንና ፎቶዬን ስትመልስልኝ ቆም አለች። «ሳባ፣ ኹቱ... ምንድን ነው?» አለች አማርኛውን እየፈለገች።

«እናትሽን ጠይቂያት» አልኋት።

አሁን አጋሚም ሰፈር፣ ልጄ ቤት እኖራለሁ። እምነቴን ያገኘሁት በዚያ ክፍል ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አንገቴ ላይ ነበር፣ ስበጥሰው ያለቀ መስሎኝ ኖርሁ። የማስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን እዚህ የለኝም። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ያሉት ሩሲያዊት አሮጊት ሰላምታ አይመልሱም፤ አሳንሰሩ በተበላሸ ቁጥር ዳቦአቸውን በደረጃ አደርስላቸዋለሁ፣ ጉልበቴን እያሳረፍሁ። በሩን ይከፍታሉ፣ ይቀበሉኛል፣ ይዘጉታል። ያ ነው ቅዳሴዬ።

ፖሊሷ ልጅ የሰማችውን ትጻፈው ትተወው አላውቅም። አልጠየቅሁም። የእህቴ የመግቢያ ፈቃድ መልስ እስካሁን አልመጣም። ብዙ ጊዜ ደብቄያት ቆየሁና በቀደም ስትደውል እየፈራሁ ሁሉንም ነገርኋት፣ ያልሁትንም፣ የት እንዳልሁትም። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«እህቴ፣ አለሽ?»

«አለሁ» አለችኝ። «ሰውዬው ውሃውን ጠጣ?»

«ጠጣ።»

«እንኳንም ጠጣ» አለች፣ ስለ በልጉ ዝናብ ታወራልኝ ጀመር።