ከማማ ወደ ማማ

ትናንት ወልድያ ላለችው የእህቴ ልጅ ደወልኩላት። ባሏን ከቀበረች ገና መንፈቅ አልሞላትም። «እንዴት አደርሽ?» አልኳት። የምስጋናውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሳናስበው ከአፋችን የሚወጣ ነው። እሷ ግን ዝም አለች። ካገሬ ርቄ፣ በሰው አገር በረንዳ ላይ ቆሜ፣ ያን ዝምታ ወዲያው አወቅሁት። አንድ ዘመን የኔ ነበር።

እናቴ የሞተችው ገና ልጃገረድ ሳለሁ፣ በክረምት ነው። ማሽላችን ሲያሽት ግሪሳ ወፍ መጠበቁ የኔ ሥራ ሆነ። ማሳችን ከመርሳ ወደ ውርጌሳ ከሚወስደው መንገድ በላይ ነበር። ጎህ ሲቀድ ማማው ላይ እወጣለሁ። ጤዛው የቀሚሴን ጫፍ ያርሰዋል፤ ከታች የጭነት መኪና ሲያጓራ ይሰማል። ጥንቅሽ ልጬ እመጥጣለሁ። ጣፋጭ መሆኑን አውቃለሁ፣ ምላሴ ግን አይነግረኝም።

አላለቀስኩም። ሶላቴንም አላቋረጥኩም፤ ግን ባዶ ሰሃን እንደ ማጠብ ነበር። «አልሐምዱሊላህ» የምትለዋ ቃል ብቻ ከጉሮሮዬ አልወጣ አለች። ከእናቴ ጋር አብራ የተቀበረች እየመሰለኝ ፈራሁ።

በኛ ዘንድ ወፍ ጠባቂዎች ማለዳ ማለዳ ከማማ ወደ ማማ ይጠያየቃሉ። ያልመለሰ ካለ፣ ወይ ታሟል ወይ ወድቋል ተብሎ ሰው ይሄድለታል። ጥሪውን የሚጀምሩት አዛውንቱ አያ ይመር ነበሩ።

«እንዴት አደራችሁ? ግሪሳውስ ዛሬ ጾመኛ ነው?»

«ተመስገን! ግሪሳውማ ካንተ በፊት ተነስቷል፤ የተኛኸው አንተ ነህ» ይላሉ እትዬ ጥሩነሽ፣ ክርስቲያኗ ጎረቤታችን፣ ከኔ ቀጥሎ ካለው ማማ።

ከዚያ ተራው የኔ ነው። ዝም እላለሁ።

«ዘሃራስ?» አሉ አንድ ቀን አያ ይመር።

«ዘሃራም አልሐምዱሊላህ ብላለች!» ብለው እትዬ ጥሩነሽ መለሱልኝ።

ፀሐዩ ሞቅ ሲል ወርጄ ሄድኩባቸው።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አላልኩም።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ንፍሯቸውን በመዳፌ ላይ እያፈሰሱ። «እስክትይው ድረስ እኔ ልያዝልሽ።»

«ካላልኩትስ?»

«የኔ ጉሮሮ ምን አለበት? ይልቅ ብይ።»

እንዲህ ሆኖ ጥቅምት አለቀ። በየማለዳው የራሳቸውን በራሳቸው ቃል፣ የኔን በኔ ቃል ያደርሱልኝ ነበር።

ኅዳር ሲገባ እትዬ ጥሩነሽን ጉንፋን ያዛቸው። አንድ ማለዳ አያ ይመር ሲጣሩ እሳቸው አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ የለም። ነጠላቸውን ወደኔ አወዛወዙ። ከአያ ይመር ማማ ግን አይታዩም። አዛውንቱ በዚያ በሚያነክስ እግራቸው፣ ዱላቸውን ይዘው ወደሳቸው ቁልቁል መውረድ ሲጀምሩ አየሁ።

«እትዬ ጥሩነሽ ተመስገን ብለዋል!» ብዬ ጮኽኩ። የሳቸውን ለማድረስ ነበር። አፌ አንዴ ከተከፈተ የኔም ተከትሎ ወጣ። «እኔም... አልሐምዱሊላህ።»

ልቤ አልሞቀም። እንባም አልመጣ። ጥንቅሹም ያው ነበር። ጣዕሙ የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አላህ መጀመሪያ የመለሰልኝ ቃሉን ነው፤ እሱንም በሰው አፍ አቆይቶ።

የእህቴን ልጅ ትናንት «እስክትይው ድረስ እኔ ልያዝልሽ» አልኳት።  ስልኩን አልዘጋችውም።

ዛሬ ከሱብሒ በኋላ የራሴን አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ የሷንም ጨመርኩ። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ አፈር ከለበሱ ብዙ ዘመን ለሆናቸው ለእትዬ ጥሩነሽ፣ «ተመስገን» አልኩላቸው።